የልብ መድኃኒቶች፦ እያንዳንዷ ክኒን ለምን እንደታዘዘች፣ በምን እንደምትሰናከል

የልብ ሕመም የተገኘበት ሰው ብዙ ጊዜ አራት ወይም አምስት ዓይነት መድኃኒት ይታዘዝለታል። ጥቂት ወራት ወስዶ ሲሻለው ወይም ወጪው ሲከብደው ከመካከላቸው አንዷን በራሱ ይተዋል። የሚተዋትም ምንም ለውጥ ስታመጣ ያላያትን ነው። ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። እብጠት የሚቀንሱትና ሕመም የሚያስታግሱት መድኃኒቶች ሥራቸው ወዲያው ይታወቃል፤ ዕድሜ የሚያራዝሙት ግን አብዛኞቹ ሲወሰዱ ምንም አይሰማም። ስለዚህ አንድ ታማሚ እያንዳንዷ ክኒን ምን እየጠበቀችለት እንደሆነ ማወቅ አለበት።

የልብ በሽታ ሲባል አንድ በሽታ ብቻ አይደለም። አንደኛው፣ ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች በግድግዳቸው ውስጥ ስብ ተከማችቶ ሲጠቡ ነው። ክምችቱ ድንገት ሲሰነጠቅ ደም ይረጋበትና ቧንቧው ይዘጋል፤ ደም ያጣው ጡንቻ መሞት ይጀምራል። ሁለተኛው የልብ ድካም ነው፤ ልብ ደም የመርጨት ዐቅሟ አንሶ እግር ያብጣል፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራል። ሦስተኛው፣ በልጅነት ከተያዘ የጉሮሮ ኢንፌክሽን በኋላ የልብ ቫልቮች ሲጎዱ የሚመጣው ነው፤ በኢትዮጵያ በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚታዩት የልብ በሽታዎች ዋነኛ ከሆኑት አንዱ ይህ ነው። ከፍተኛ የደም ግፊት ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ለሁለቱም መንገድ ይከፍታል።

ቧንቧው ለጠበበበት ሰው

አስፒሪን እዚህ የሚሰጠው ለሕመም ማስታገሻ አይደለም። መጠኑ በቀን ከ75 እስከ 100 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ሥራውም ፕላትሌት የሚባሉት የደም ሕዋሳት እርስ በርስ ተጣብቀው ደም እንዳያረጉ ማድረግ ነው። ከምግብ በኋላ ቢወሰድ ይሻላል። ሰገራ ጥቁርና የሚያጣብቅ ከሆነ ጨጓራ እየደማ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። የልብም ሆነ የስትሮክ ታሪክ የሌለው ጤነኛ ሰው ግን "ለመከላከያ" ብሎ በራሱ አስፒሪን መጀመር የለበትም፤ በተለይ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የመድማቱ ጉዳት ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል።

የጠበበው ቧንቧ ውስጥ ስቴንት፣ ማለትም ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ የገባለት ሰው ከአስፒሪኑ ጋር ክሎፒዶግሬል 75 ሚሊ ግራም ይታዘዝለታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ይቆያል። ስቴንቱ ከብረት የተሠራ ባዕድ ነገር ስለሆነ የቧንቧው ሽፋን በላዩ እስኪያድግ ድረስ ደም በቀላሉ ይረጋበታል። ጥርስ ለማስነቀል ሲኬድ "ሁለቱንም አቁመህ ና" ከተባለ፣ ስቴንቱን ላስገባው ሐኪም ሳይነግሩ ማቆም አይገባም። አብዛኛው የጥርስ ሥራ መድኃኒቱ ሳይቆም መሠራት ይችላል።

ስታቲን የሚባሉት፣ እንደ አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲን እና ሮሱቫስታቲን ያሉት፣ ኮሌስትሮል የሚቀንሱ ናቸው። "ሥጋም ቅቤም አልበላም፣ ኮሌስትሮሉ ከየት መጣ?" የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሳል። መልሱ አጭር ነው፤ አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው፣ ስታቲንም የሚያግደው ያንን ነው። አቶርቫስታቲን 40 ወይም 80 ሚሊ ግራም መጥፎውን ኮሌስትሮል፣ ማለትም ኤል ዲ ኤሉን፣ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ የተከማቸው ስብ እንዳይሰነጠቅም ያጠናክራል። ለዚህ ነው የልብ ቧንቧው የጠበበ ሰው የኮሌስትሮሉ ቁጥር "ደህና ነው" ቢባል እንኳ ስታቲን የሚታዘዝለት። ቁጥሩ ደህና የሆነው በመድኃኒቱ ከሆነ ደግሞ፣ መድኃኒቱ ሲቆም ኮሌስትሮሉ በጥቂት ሳምንታት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሲምቫስታቲን ማታ ይወሰዳል፤ ለአቶርቫስታቲን ሰዓቱ ለውጥ አያመጣም። አዲስ የጡንቻ ሕመም ከመጣ፣ በተለይ ሽንት ከጠቆረ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ መመርመር ነው። ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ የሲምቫስታቲንን መጠን በደም ውስጥ በጣም ስለሚጨምረው ሁለቱ አብረው አይወሰዱም።

ሜቶፕሮሎል፣ ቢሶፕሮሎል፣ ካርቬዲሎልና አቴኖሎል ልብ በዝግታ እንድትመታ አድርገው የኦክስጅን ፍላጎቷን ይቀንሳሉ። እነዚህን አንድ ቀን በድንገት ማቆም ከሁሉም የከፋ ስሕተት ነው፤ ታፍኖ የቆየው የልብ ምት ይፈነዳና የደረት ሕመም፣ አንዳንዴም ድንገተኛ የልብ ሕመም ያመጣል። ማቆም ካስፈለገ በሐኪም ምክር በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው። የልብ ምት በደቂቃ ከ50 በታች ከወረደና ማዞር ካለ መጠኑ ይታያል። አስም ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት።

ደረት ሲያፍን ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን የሚወሰደው ተቀምጦ ነው፤ ግፊት ስለሚያወርድ ቆሞ የወሰደ ሰው ሊወድቅ ይችላል። በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለ ወደ ሆስፒታል መነሳት ነው። ለወንድነት ተብለው የሚወሰዱት ሲልዴናፊል በ24 ሰዓት፣ ታዳላፊል ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ከተወሰዱ ናይትሮግሊሰሪን መውሰድ ግፊቱን ለሞት በሚያደርስ ደረጃ ሊጥለው ይችላል። ሰው ይህን መናገር ያፍራል፤ ለሐኪሙ ግን መነገር አለበት።

ድንገተኛውን የልብ ሕመም ብዙ ቤተሰብ የሚያመልጠው "ጨጓራዬ ነው" ወይም "ብርድ መቶኝ ነው" ተብሎ ነው። በደረት መሐል የሚጫን ወይም የሚጨመድድ ስሜት ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ሲሄድ፣ ከቀዝቃዛ ላብና ከማቅለሽለሽ ጋር ከጥቂት ደቂቃ በላይ ከቆየ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ መድኃኒት ውጦ መጠበቅ አይቻልም። በሴቶችና በስኳር ሕሙማን ላይ ሕመሙ ቀላል ሆኖ የትንፋሽ ማጠርና ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። ለአስፒሪን አለርጂ የሌለበትና የማይደማ ሰው 300 ሚሊ ግራም አስፒሪን አኝኮ ይዋጥ፤ ማኘኩ መድኃኒቱ ቶሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርገዋል። ግማሽ አካል ከዛለ ወይም አፍ ከተጣመመ ግን አስፒሪን አይሰጥም፤ ስትሮኩ ከደም መፍሰስ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ግፊት

ግፊት ከመታከሙ በፊት በትክክል መለካት አለበት። ከመለካቱ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡናና ሲጋራ አይወሰድም፣ ሽንት ይሸናል፣ ጀርባን አስደግፎ እግርን ሳያቆላልፉ ለ5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል። ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ የሚለካበት ጨርቅ በሹራብ ላይ አይታሰር። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ይለካና አማካዩ ይያዝ። ክንድ ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ እያወሩ የተለካ ግፊት በ10 እና ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ሊነበብ ይችላል። በተለያዩ ቀናት 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ይባላል፤ የልብ ሕመም ላለበት ሰው የሚፈለገው ከተቻለ ከ130/80 በታች ነው።

አምሎዲፒን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም የደም ቧንቧን ያላላል። ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። ይህ እብጠት ከኩላሊት የመጣ ሳይሆን ክኒኑ ራሱ የሚያመጣው ነው፤ መጠኑ ሲቀነስ ይጠፋል፣ ውኃ በሽንት የሚያስወጣው ላሲክስ (ፉሮሴሚድ) ግን ብዙም አይረዳውም። ኢናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል ግፊት ከመቀነስ አልፈው የደከመ ልብንና የስኳር ሕመምተኛን ኩላሊት ይጠብቃሉ። በየ10 ሰዎች በአንዱ ገደማ ግን ደረቅ፣ የሚያሳክክ ሳል ያመጣሉ። ሳሉ ከክኒኑ መሆኑን ያላወቀ ሰው ለወራት የሳል ሽሮፕና አንቲባዮቲክ ሲገዛ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሲያደርግ ይከርማል። መፍትሔው ወደ ሎሳርታን ወይም ቫልሳርታን መለወጥ ነው። ከንፈርና ምላስ ካበጠ ግን ድንገተኛ ነገር ነው፤ ያ ሰው የዚህን ዓይነት ክኒን ዳግመኛ አይወስድም። ይህ እብጠት በጥቁር ሕዝቦች ላይ በብዛት ይታያል። እርጉዝ የሆነች ወይም ለመጸነስ ያሰበች ሴት ኢናላፕሪልም ሎሳርታንም መውሰድ የለባትም፤ ጽንሱን ይጎዳሉ። መድኃኒቱ በተጀመረ በ1 ወይም በ2 ሳምንት የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ መደረግ አለበት።

ልቡ ለደከመ ሰው

እዚህ ከሁሉም የሚረዳው መሣሪያ ሚዛን ነው። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ በአንድ ዓይነት ልብስ ተመዝኖ መጻፍ። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ የጨመረው ሥጋ ሳይሆን ውኃ ነው፤ ትንፋሽ ከማጠሩ ቀደም ብሎ የሚታይ ምልክት ስለሆነ በዚያው ቀን ለሐኪም ይነገር። ላሲክስ ውኃውን በሽንት ያስወጣል፤ ሌሊት እንቅልፍ እንዳያሳጣ ጠዋት፣ ሁለተኛ መጠን ካለው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይወሰዳል። መንገድ ስላለ ብቻ መዝለል የተለመደ ነው፤ ከመዝለል ይልቅ ጉዞው ሲያበቃ መውሰድ ይሻላል።

ስፓይሮኖላክቶን በትንሽ መጠን፣ ብዙውን ጊዜ 25 ሚሊ ግራም፣ ዕድሜ ያራዝማል። ከኢናላፕሪል ጋር ሲወሰድ ግን ፖታሲየም ይከማቻል፤ ከፍ ያለ ፖታሲየም ያለ ምንም ምልክት ልብን ሊያቆም ይችላል። በአሜሪካና በአውሮፓ ገበያ "ከሶዲየም ነፃ ጨው" ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ከፖታሲየም የተሠራ ነው። ለጤናቸው አስበው ለወላጆቻቸው የሚልኩ ልጆች አሉ፤ እነዚህን ክኒኖች ለሚወስድ ሰው አደገኛ ስጦታ ነው። ዳፓግሊፍሎዚንና ኤምፓግሊፍሎዚን መጀመሪያ ለስኳር የወጡ ሲሆኑ አሁን ለልብ ድካም 10 ሚሊ ግራም በቀን ይታዘዛሉ። ትውከት፣ ተቅማጥ ወይም ረጅም ጾም ባለበት ቀን ለጊዜው ማቆም ስለሚያስፈልግ አስቀድመው ሐኪሙን ይጠይቁ። ዲጎክሲን በሚረዳውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው፤ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ ነገር ሁሉ ቢጫ ሆኖ መታየት የመመረዝ ምልክቶች ናቸው።

ዋርፋሪን፣ ጎመን እና የፔኒሲሊን መርፌ

ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የተተከለለት ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይወስዳል። ቫልቭ በጠበበበትና የልብ ምቱ በተዛባ ሰው ልብ ውስጥም ደም ረግቶ ወደ አንጎል እንዳይሄድ የሚከላከለው ይኸው ነው። በተለምዶ "ደም ማቅጠኛ" ይባላል፤ የሚያደርገው ግን ጉበት በቫይታሚን ኬ ተጠቅሞ የሚሠራቸውን ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች መቀነስ ነው። ልኩ የሚታወቀው አይ ኤን አር በሚባል የደም ምርመራ ነው። ለአብዛኛው ሰው ከ2 እስከ 3፣ በግራ በኩል ባለው ሚትራል ቫልቭ ላይ ብረት ለተተከለለት ደግሞ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ከዚያ ካነሰ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፤ ከዚያ ከበለጠ ደም ይፈሳል። ሲጀመር በየጥቂት ቀናቱ፣ ሲረጋጋ በየ4 ሳምንቱ ገደማ ይመረመራል።

ችግሩ የሚመጣው ከምግብ ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና የሽፈራው ቅጠል ብዙ ቫይታሚን ኬ አላቸው። በፍስክ ወራት ጎመን የማይቀምስ ሰው በዐቢይ ጾም 55 ቀናት በየቀኑ ጎመን ሲበላ አይ ኤን አሩ ይወርዳል፤ ሐኪሙ መጠን ይጨምርለታል። ፋሲካ ሲደርስ ጎመኑ ይቀርና በተጨመረው መጠን ላይ እያለ ቁጥሩ ወደ ላይ ይወጣል። መፍትሔው ጎመን መተው አይደለም። ዓመቱን ሙሉ በሳምንት በተመሳሳይ ቀናት፣ በተመሳሳይ መጠን መብላት፣ ካልተቻለ ጾም ሲገባና ሲወጣ ባለው ሳምንት ውስጥ መመርመር ነው።

ከመድኃኒት በኩል ለአሜባና ለጃርዲያ የሚገዛው ሜትሮኒዳዞል፣ እንዲሁም ኮትሪሞክሳዞል፣ ዋርፋሪንን እጅግ ያበረታሉ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ ያዳክመዋል። ፋርማሲ ገብቶ ማንኛውንም ነገር ከመግዛት በፊት "ዋርፋሪን እወስዳለሁ" ማለት ግድ ነው። የረሱትን መጠን በዚያው ቀን ካስታወሱ ይውሰዱ፤ ካደረ ይዝለሉት፣ በማግስቱ ደርበው አይውሰዱ። የቫልቭ ሕመም ያለባት ሴት ደግሞ ከመጸነሷ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንስ ያበላሻል፣ በራስ ማቆም ደግሞ እናቲቱን ለሞት ያጋልጣል። አዳዲሶቹ የአይ ኤን አር ምርመራ የማይፈልጉ መድኃኒቶች፣ እንደ ሪቫሮክሳባን ያሉት፣ ለብረት ቫልቭም ለጠበበ የሚትራል ቫልቭም አይሆኑም። ከውጭ ዘመድ ቢልክልዎትም አይቀይሩ።

ቫልቩ የተጎዳ ወጣት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የተጎዳውን ቫልቭ አያድንም። ጉሮሮን የሚያጠቃው ስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ እንደገና መጥቶ በቫልቩ ላይ ጉዳት እንዳይደርብ ነው የሚከላከለው። ለአዋቂ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት፣ ክብደቱ አነስተኛ ለሆነ ልጅ 600,000 ዩኒት በጡንቻ ይሰጣል። መርፌው ያማል፤ መድኃኒቱን ወደ ክፍል ሙቀት ማምጣትና ቀስ ብሎ መውጋት ሕመሙን ይቀንሳል። አንድ ወር መዝለል ልጁን ለአንድ ወር ያለ ጥበቃ መተው ነው። እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ይህን በሽታ አይከላከሉም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ግን ያመጣሉ። ሳል ሳይኖረው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም የያዘውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው የሚከላከለው።

ጾም፣ ጸበል እና ፋርማሲ

እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ምእመን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱትን ክኒኖች አብዛኞቹን ወደ ማታ ማዞር ይቻላል። በረመዳን በቀን ሁለቴ የሚወሰደውን በኢፍጣርና በሱሑር ማከፋፈል ይቻል ይሆናል። ይህ ግን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪም ጋር የሚወሰን ነው፤ የልብ ድካሙ የጠናበት ሰው በሁለቱም ሃይማኖት ከጾም ነፃ የሚሆንበት ሥርዓት አለና ከንስሐ አባቱ ወይም ከኢማሙ ጋር ይነጋገር። ጸበል ከመድኃኒት ጋር አይጣላም። ይሁን እንጂ ውኃ እንዲገድብ የተነገረው የልብ ድካም ሕመምተኛ በአንድ ጊዜ ብዙ ሊትር ጸበል ቢጠጣ ሳንባው ውኃ ሊቋጥር ይችላል፤ በጥቂቱ ይጠጣ፣ ክኒኑንም አያቁም።

ለወገብና ለጉልበት ያለ ማዘዣ የሚገዙት ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ውኃና ጨው በሰውነት ውስጥ ይይዛሉ፣ ግፊት ይጨምራሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ኢቡፕሮፌን የአስፒሪንንም ሥራ ይሽራል። ለልብ ሕመምተኛ ፓራሲታሞል ይሻላል። ሌላው የተለመደ ስሕተት መደራረብ ነው። አንድ ሰው ከጤና ጣቢያ ኢናላፕሪል እየወሰደ ከዋሽንግተን የተላከለትን ሊሲኖፕሪል ይጨምርበታል፤ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። በጽሑፍ የሚያዘው በሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የፋብሪካ ስም ሳይሆን ከሥሩ ያለው የመድኃኒቱ ስምና የሚሊ ግራሙ መጠን ነው። ቀስ እያለ እንዲለቀቅ የተሠራ ኒፌዲፒን የሚባለው የግፊት ክኒን አይፈጭም፣ አይታኘክም፤ የቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቅና ግፊቱን ያወርደዋል።

በማዕድ ላይ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ነው። እኛ ቤት ጨው የሚገባው ግን ወጥ ሲሠራ ብቻ አይደለም። በርበሬው ሲፈጭ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮውም ብዙ ጊዜ እንዲሁ፤ ሚጥሚጣው፣ ዳቦው፣ የሾርባ ኪዩቡ፣ በአንዳንድ አካባቢ ቡናው ሳይቀር ጨው አለው። ስለዚህ "ወጡ ላይ ጨው ቀነስኩ" ማለት ብቻ አይበቃም። በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ማስፈጨት፣ ከዚያ ለአምስት ሰው ቤተሰብ የቀኑን ጨው ከአምስት የሻይ ማንኪያ በታች ለይቶ ማስቀመጥና ወጡም ሰላጣውም ከዚያ ብቻ እንዲጨመርበት ማድረግ ነው የሚሠራው። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ጨው የቀነሰውን ጣዕም ይተካሉ።

የጾም ምግብ ሁሉ ለልብ ጥሩ አይደለም። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና አተር መልካም ናቸው፤ ዘይቱ ግን ወሳኝ ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኮሌስትሮል የሚጨምር ስብ ነው፤ ንጥር ቅቤ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። የኑግ፣ የሱፍና የሰሊጥ ዘይት ይሻላሉ፤ ነገር ግን ሳምቡሳ ተጠብሶበት የጠቆረ ዘይት የትኛውም ቢሆን ደግሞ አይጠበስበት። ሽንኩርቱን በጥቂት ውኃ አቁላልቶ ዘይቱን በመጨረሻ መጨመር ለወጡ የሚፈጀውን ዘይት በጣም ይቀንሳል።

በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ማለትም በ5 ቀን 30 ደቂቃ፣ ግፊትንም ስኳርንም ይቀንሳል። ልኩ እያወሩ መሄድ የሚቻልበት ግን መዝፈን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። ቤት ውስጥ ቀስ እያሉ ቀላል ሥራ ሲሠሩ መዋል ይህን አይተካም። ሲጋራ ካቆሙ በአንድ ዓመት ውስጥ ከማጨስ የመጣው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ከሕክምና ውጭ ይህን ያህል የሚያተርፍ ሌላ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ጫት ደግሞ ውስጡ ያለው ካቲኖን ግፊትንና የልብ ምትን ይጨምራል፣ የልብ ቧንቧዎችንም ያጠባል። የልብ ቧንቧው የጠበበ ሰው ጠዋት ሜቶፕሮሎል ወስዶ ከሰዓት በኋላ ቢቅም፣ መድኃኒቱ ልብን ሲያረጋጋ ጫቱ ያሯሩጣታል። እንዲህ ያለው ሰው ጫቱን ያቁም፤ እስኪያቆምም ድረስ እንደሚቅም ለሐኪሙ ይንገር፣ የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው ያንን ታውቆ ነውና።